መመለጥ ጠባሳ ሲሆን

አንድ ወንድ አናቱ ሲሳሳ ማንም አይገረምም። “አባቱም ራሰ በራ ናቸው” ተብሎ ይታለፋል። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የቆዳ ሐኪሞች ጠባሳ የሚተው የፀጉር መርገፍ የሚሉት ሌላ ሕመም፣ በዚሁ ግምት ተሸፍኖ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚቆይባቸው ወንዶች አሉ።

ልዩነቱ ያለው ከቆዳ ሥር ነው። በዘር የሚወረሰው መመለጥ ፀጉሩን እያቀጨጨ ያሳንሰዋል እንጂ ሥሩን በጠባሳ አይተካም። እ.ኤ.አ. በ1990 በአይጦች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ ፀጉርን የሚያድሱት እናት ህዋሳት የሚገኙት በሥሩ ግርጌ ሳይሆን ከፍ ብሎ፣ በወዝ ዕጢው አቅራቢያ እንደሆነ አመለከተ። ላሽ ግርጌውን ስለሚያጠቃ ፀጉሩ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ጠባሳ የሚተወው ቁጣ ግን የላይኛውን ክፍል ያወድማል፤ ህዋሳቱ ከጠፉ የሚመለስ ፀጉር የለም።

ምርመራው በጥያቄ ይጀምራል፦ ያሳክካል? ያቃጥላል? መግል ይቋጥራል? ከዚያም ሐኪሙ ደርማቶስኮፕ በተባለ ብርሃን ባለው አጉሊ መነጽር የፀጉር መውጫ ቀዳዳዎችን ይፈልጋል። ቀዳዳዎቹ ጠፍተው ቆዳው ልስልስና አንጸባራቂ ከሆነ፣ ወይም ከአንድ ቀዳዳ ብዙ ፀጉር እንደ ብሩሽ ተሰባስቦ ከወጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት ጎልቶ ስለማይታይ በዓይን ብቻ መፍረድ ያሳስታል። በአፍሪካውያንና በትውልደ አፍሪካውያን ወንዶች ማጅራት ላይ የሚወጡት ጠጣር እብጠቶችም በብዛት “የመላጫ ቁስል” ተብለው ይናቃሉ፤ እነርሱም ጠባሳ ከሚተዉት ወገን ናቸው።

ቁርጡ የሚታወቀው በናሙና ነው። ቦታው ከደነዘዘ በኋላ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቆዳ ይወሰዳል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ናሙና ተወስዶ አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ጎን ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ታካሚው እጅግ የተመለጠውን መሃል ቢያመለክትም ናሙናው መወሰድ ያለበት ፀጉር ካልጠፋበት፣ ሕመሙ ገና ከሚሠራበት ጠርዝ ነው። መሃሉ የሚያሳየው ያለቀ ጠባሳ ብቻ ነው።

ሕክምናው መሥራቱ የሚለካውም በአዲስ ፀጉር ሳይሆን ጠርዙ መስፋፋቱን በማቆሙ ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ ብርሃንና አቅጣጫ በየጊዜው ፎቶ ይነሣል። ለፀጉር ንቅለ ተከላ ወደ ኢስታንቡል ለመብረር ያሰበ ሰውም አስቀድሞ ይህን ማጣራት ይኖርበታል፤ ቁጣው ካልበረደ የተተከለውንም ፀጉር ያጠፋዋል።