ስብሰባው በየትኛው ወር ይጠራ?

ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወረደ መንገደኛ ዛሪማ ሲደርስ ጋቢውን ያወልቃል። የሚለወጠው አየሩ ብቻ አይደለም። ላይ ገብስ ነበር፤ ታች ማሽላ፣ ፍየልና ከብት ነው። በጋው ሲጠና ከብቱ ውሃና ግጦሽ ፍለጋ ወደ ወንዝ ዳር ይነዳል። የዛሪማ ሕዝብ ግን በወረቀት ላይ አርብቶ አደር አይባልም።

ስያሜው ደግሞ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም ባንክና በዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ ድጋፍ የተጀመረው የአርብቶ አደር ማኅበረሰብ ልማት ፕሮጀክት በሦስት ምዕራፍ አፋርን፣ ሶማሌን፣ ኦሮሚያንና ደቡብን አዳርሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ባንኩ 350 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀለት ተከታዩ የቆላ ፕሮጀክት ጋምቤላንና ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ሲጨምር ዛሪማ ያለችበት የአማራ ቆላ ከዝርዝሩ ውጪ ቀረ። ቅር ያሰኛል። ግን ገንዘቡ ባይመጣም አሠራሩ ሊመጣ ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀበሌው ተሰብስቦ ችግሩን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ ኮሚቴ ይመርጣል፣ ከወጪው ቢያንስ 15 በመቶውን በጥሬ ገንዘብ፣ በጉልበትና በቁሳቁስ ያዋጣል። በነጻ ለሚሰጥ ነገር ሁሉም «ይምጣ» ይላል፤ ኪስ የሚነካ ሲሆን ግን ሰው የምር የቸገረውን ይናገራል። የእጅ ፓምፕን እንውሰድ። ብዙ ጊዜ የሚቆመው ውስጡ ያለች ጎማ አልቃ ነው። ገንዘብ ያዥና ጥቂት ተቀማጭ ካለ ጎማዋ ተገዝታ ሴቶቹ በማግስቱ ጀሪካናቸውን ይሞላሉ። ከሌለ ወረዳው መኪና እስኪያገኝ ድረስ ወንዝ ይወርዳሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ስብሰባው የሚጠራበት ጊዜ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የዕቅዱ ጥድፊያ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይወድቃል። ያኔ እረኛው ከብቱን ይዞ ሩቅ ነው፣ ወይም ገበሬው ሞፈሩን ጨብጧል። መስከረምና ጥቅምት ደግሞ ጉልበት ያለው ወጣት ሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል። እጅ የሚያወጣው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጠገብ የሚኖረው ብቻ ይሆናል። «ሕዝቡ መረጠ» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ የከብት ውሃ ግን ዝርዝሩ ላይ አይገኝም፤ የሚጠይቀው ሰው አልነበረማ።

ጊዜን መምረጥ ያለበት ሕዝቡ ራሱ መሆኑን የመንዝ ሰው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር መሬቱን ለዘመናት የጠበቀው ራሱ በመረጣቸው አለቆች ሲሆን፣ ሣሩ መቼ ተዘግቶ መቼ እንደሚከፈት የሚቆርጠውም ራሱ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው ሥርዓቱ የላላው።

ለዛሪማ የሚስማማው ታኅሣሥ ነው። ሰሊጡ ተወቅቶ ሰው ደሞዙን ይዞ ገብቷል፣ ማሽላው ተሰብስቧል፣ ከብቱም ገና ሩቅ አልተነዳም። መዋጮውም የሚገኘው ያኔ ነው። ወረዳው ዕቅዱን በታኅሣሥ ከሕዝቡ ቢቀበል ለሐምሌው በጀት ስድስት ወር ይተርፈዋል።