ኢቤሊንን የሚያውቁት ሰዎች

ኖቬምበር 18 ቀን 2014 ኦስሎ ውስጥ አንድ የ25 ዓመት ወጣት አረፈ። ስሙ ማትስ ስቲን ነው። በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እዚሁ ላይ እንንገራችሁ። አባቱ ሮበርትና እናቱ ትሩደ ልጃቸውን አንድ ቀን እንደሚያጡት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ሲከነክናቸው የኖረው ሌላ ነገር ነው። ልጃችን ጓደኛ ሳያፈራ፣ ፍቅር ሳያውቅ፣ በማንም ሰው ሕይወት ውስጥ ቦታ ሳይኖረው ኖሮ ሄደ ብለው ያምኑ ነበር።

ማትስ ብሎግ ነበረው፤ የይለፍ ቃሉንም ለወላጆቹ ትቶላቸዋል። ከፍተው ገቡና ማረፉን የሚገልጽ አጭር ማስታወቂያ ጻፉ። ከግርጌው የኢሜይል አድራሻቸውን አኖሩ።

አንድ ኢሜይል መጣ። ሌላ ተከተለ። ከዚያማ ከዴንማርክ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድ፣ ከእንግሊዝ ይጎርፍ ጀመር። ጸሐፊዎቹ ስለ ማትስ ተጫዋችነት፣ ስለ ምክሩ፣ ሆድ ሲብሳቸው ሌሊቱን ሙሉ አብሯቸው ስለማንጋቱ ይተርካሉ። አንዳንዱ ኢሜይል እንደ ደብዳቤ ረጅም ነው። ወላጆቹ ከጸሐፊዎቹ አንዱንም አያውቁም። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ ልጃቸውን የሚጠሩት በሌላ ስም ነው፦ ኢቤሊን።

ነገሩን ለመረዳት ማትስ ይዞት ከተወለደው ሕመም እንጀምር። ዱሼን የሚባለው የጡንቻ ሕመም ስሙን የወሰደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ፈረንሳዊ ሐኪም ከጊዮም ዱሼን ነው። የሚይዘው በአብዛኛው ወንዶችን ሲሆን፣ ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚደርሱ ወንድ ሕፃናት አንዱ ይዞት እንደሚወለድ ይገመታል። ችግሩ ያለው ዲስትሮፊን የተባለውን ፕሮቲን በሚያሠራው ጂን ላይ ነው። ይህ ፕሮቲን የጡንቻ ሕዋስ በተኮማተረና በተዘረጋ ቁጥር እንዳይጎዳ ደግፎ ይይዘዋል። እሱ ሲጠፋ ጡንቻው እየተጎዳ፣ እየመነመነ ይሄዳል፤ ቦታውን ስብና ጠባሳ ይወርሰዋል። ልጁ መጀመሪያ መውደቅ ያበዛል። ደረጃ መውጣት ይከብደዋል። መሬት ተቀምጦ ሲነሳ በእጁ ጉልበቱን ይይዛል፣ ቀጥሎ ጭኑን፣ እንዲህ እያለ በገዛ አካሉ ላይ ተንጠላጥሎ ይቆማል፤ ሐኪሞች ሕመሙን ከሚጠረጥሩባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ አነሳስ ነው። ከዚያ ዊልቸር ይመጣል። ቀጥሎ እጅ ይደክማል፤ መጨረሻ ላይ ልብና የመተንፈሻ ጡንቻዎች።

የማትስ ወላጆች ይህን የሰሙት በ1993 ነው። ልጁ አራት ዓመቱ ነበር። ከ20 ዓመት ብዙም እንደማያልፍ ተነገራቸው።

ሌሎች ልጆች ኳስ ሲያባርሩ ማትስ ከዊልቸር ላይ ሆኖ የሚያይ ልጅ ሆነ። አባቱ ምን እንስጠው ብለው ሲያስቡ ያገኙት መልስ ኮምፒዩተር ነው። ልጁ በ11 ዓመቱ ገደማ የቤቱን ኮምፒዩተር እንዲከፍት ተፈቀደለት፤ ከዚያ ወዲያ ከፊቱ የነቀለው የለም። ጎልማሳ ሲሆን ከቤተሰቡ ቤት ጋር በተያያዘ የራሱ መኖሪያ ውስጥ፣ በተንከባካቢዎች እየታገዘ ይኖር ነበር። የሚንቀሳቀሰው ጣቱ ስለነበር በጣት ብቻ በሚታዘዙ ልዩ መሣሪያዎች ይጫወት ነበር። በሕይወቱ የመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ጌም ላይ ያሳለፈው ጊዜ ከ15,000 እስከ 20,000 ሰዓት ይገመታል። አንድ የቢሮ ሠራተኛ ይህን ያህል ሰዓት ለመሙላት ከሰባት ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ወላጆቹ አልወደዱለትም። ለምን እንደ ሰው ማታ ተኝቶ ቀን አይነሳም? ስክሪኑ ላይ የሚያዩት ጎራዴ፣ ነጥብና ጭራቅ ነው። ይህን ጭቅጭቅ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ያለ ወላጅም አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወላጅም አሳምሮ ያውቀዋል። የሮበርትና የትሩደ ልዩነት፣ ተሳስተው እንደነበር በጽሑፍ ማስረጃ የሚያረጋግጥላቸው ሰው ማግኘታቸው ነው።

ጌሙ ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ይባላል። ብሊዛርድ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በኖቬምበር 2004 አሜሪካ ውስጥ አወጣው፤ በፌብሩዋሪ 2005 አውሮፓ ገባ። በ2010 እየከፈሉ የሚጫወቱት 12 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። አዜሮት የሚባል ሰፊ ዓለም አለው፤ ጫካ፣ ወደብ፣ መጠጥ ቤት፣ ቤተ መንግሥት ያለበት። ተጫዋቹ በመረጠው መልክና ስም ይገባል፤ በዚያው ሰዓት ከገቡት ሺዎች ጋር እየጻፈ ያወራል። መዋጋት ያልፈለገ ዓሣ ሲያጠምድ ሊውል ይችላል።

ሰው ደግሞ የትም ሰው ነው። በሴፕቴምበር 2005 ኩባንያው ለአንድ ውጊያ ብቻ ብሎ ያስገባው ተላላፊ በሽታ ከተከለለት ስፍራ በተጫዋቾች እንስሳት በኩል አምልጦ ወጣና ትልልቆቹን የአዜሮት ከተሞች ፈጀ። ፈዋሾች ሌላውን ለማዳን እየሮጡ ሞቱ። ብዙው ወደ ገጠር ሸሸ። ሆን ብሎ ሰው መሀል እየገባ ያስያዘም ነበር። ኩባንያው ሰርቨሮቹን ዘግቶ እስኪያስነሳ ድረስ ሊገታው አልቻለም። ኤሪክ ሎፍግሬንና ኒና ፌፈርማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 ስለዚሁ በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉ፤ ኮቪድ ሲመጣ ጽሑፉ እንደገና ተፈልጎ ተነበበ።

ማትስ በዚህ ዓለም ውስጥ ኢቤሊን ሬድሙር ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያሰረ፣ ከመኳንንት ወገን ነኝ የሚል መርማሪ። የገባበት ማኅበር ስታርላይት ይባላል፤ 30 ያህል አባላት አሉት። የስታርላይት አባላት ጨዋታ እንደ ቴአትር ነው፦ እያንዳንዱ የፈጠረውን ሰው ሆኖ ይናገራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ይሽኮረመማል። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ስለ ሥራ፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ዜና፣ ስለ ራስ ምታት ያወራሉ። የተዋወቁት በጌሙ ይሁን እንጂ ያወዳጃቸው ይኸኛው ወሬ ነው።

ኢቤሊን አንድ ልማድ ነበረው። ሲገባ መጀመሪያ ይሮጣል። በዚያው መንገድ፣ በዛፎቹ መካከል፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል። ጓደኞቹ ለምን እንደሚሮጥ አልገባቸውም ነበር። ጠያቂ ቢኖርም በቀልድ ያልፈዋል። በድምፅ አይነጋገርም፣ በካሜራ አይታይም፣ እንገናኝ ሲሉት ሰበብ አያጣም።

ከወዳጆቹ አንዷ ሆላንዳዊት ወጣት ነበረች። ትምህርቷ ሲበላሽ ወላጆቿ ጥፋቱን ጌሙ ላይ ጣሉና ኮምፒዩተሯን ወሰዱባት። ከጓደኞቿ ስትነጠል ድብርት ያዛት። ማትስ ለወላጆቿ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጓደኞቿን መንጠቅ እንደማይበጃት በጨዋ ቋንቋ አስረዳቸው። አድራጎቱ ራሱ ይገርማል፦ በቤቱ በዚሁ ጉዳይ የሚወቀስ ልጅ የሌላ ቤት አማላጅ ሆነ።

ሌላዋ ዴንማርካዊት እናት ናት። ኦቲዝም ያለበት ልጇ ከክፍሉ አይወጣም፤ መተቃቀፍም ይከብደዋል። ችግሯን ለኢቤሊን አጫወተችው። የሰጣት ምክር ከልጅሽ ጋር በጌሙ ውስጥ ተገናኙ የሚል ነው። ልጇ እዚያ አቀፋት፤ ማቀፍ ማለት አንድ ትእዛዝ መጻፍ ነው፣ ሁለቱ ገጸ ባሕርያት ይተቃቀፋሉ። ውሎ አድሮ በመካከላቸው የነበረው በረዶ በእውነተኛው ቤትም መቅለጥ ጀመረ። እናትየዋ ይህን የተናገረችው ማትስ ከሞተ በኋላ፣ በአደባባይ ነው።

ማትስ መልአክ አልነበረም። ሕመሙ ሲበረታበት ቁጡ ሆነ፣ ወዳጆቹን በነገር ይወጋ ጀመር። በአንድ ጊዜ ከአንዲት በላይ ሴት ጋር ሲሽኮረመም የተቀየሙትም ነበሩ። እነሱ ደግሞ የሕመሙን ነገር ስለማያውቁ ጸባዩ ተበላሸ ከማለት ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ? ምስጢር ለጠባቂው ነጻነት ቢሰጠውም ለወዳጆቹ ግን ዕዳ ነው፤ ያልተነገራቸውን ነገር ሊያዝኑለት አይችሉም። ማትስ በ2013 ብሎግ ከፍቶ ማን እንደሆነ ጻፈ። በጌሙ ውስጥ አካሉ ሰንሰለት እንደማይሆንበት፣ ሰዎች ከዊልቸሩ በፊት ሰውየውን እንደሚያዩ ገለጸ። ያነበቡት ጓደኞቹ የሩጫው ነገር ያን ጊዜ ገባቸው።

ለቀብሩ ከስታርላይት አምስት ሰዎች ኦስሎ መጡ። ከእነዚህ መካከል ማትስን በአካል ያገኘ የለም። የትኬት አቅም ለሌለው አባላቱ አዋጡ። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ማኅበሩ ያደረገው እድር የሚያደርገውን ነው፣ ልዩነቱ እድርተኞቹ የሟቹን ቤት በር አንኳኩተው የማያውቁ መሆናቸው ነው። ሣጥኑ ላይ የስታርላይት ባንዲራ ተነጠፈ። ከስታርላይት አባላት አንዱ ባደረገው ንግግር በዚያች ሰዓት ሻማ የበራባቸውን ቦታዎች ቆጠረ፦ አየርላንድ ውስጥ አንድ የስልክ ጥሪ ማዕከል፣ ስዊድን ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ፊንላንድ ውስጥ አንዲት የውበት ሳሎን፣ ዴንማርክ ውስጥ አንድ የማዘጋጃ ቤት ቢሮ። የማትስ ጓደኞች የሚሠሩባቸው ቦታዎች ናቸው። ይህን የሰሙት ከጥቂት ቀናት በፊት ልጃችን ጓደኛ የለውም ይሉ የነበሩት ወላጆች ናቸው።

ታሪኩ ከኖርዌይ የወጣው ቆይቶ ነው። ቢቢሲ በ2019 መጀመሪያ ሰፊ ዘገባ አቀረበበት። ከዚያ ኖርዌያዊው የፊልም ሠሪ ቤንጃሚን ሬ ተነሳ። ዘጋቢ ፊልም የሚሠራ ሰው ግራ የሚያጋባ ችግር ገጠመው፦ ባለታሪኩ ሞቷል፣ ዋናው ሕይወቱም ካሜራ በሌለበት ነው ያለፈው። ያዳነው የስታርላይት ጥንቃቄ ነው። ማኅበሩ አባላቱ በጌሙ ውስጥ የጻፉትንና ያደረጉትን እየመዘገበ ያስቀምጥ ነበር፤ መዝገቡ 42,000 ገጽ ያህል ደርሷል። ማን ምን አለ፣ ማን ሳቀ፣ ማን ማንን አቀፈ፣ ሁሉም አለ። ሬ ከዚሁ ላይ ትዕይንቶቹን በጌሙ መልክ በአኒሜሽን አስሠራ፤ ንግግሩን ተዋንያን አነበቡት። ብሊዛርድም የጌሙን ምስሎች እንዲጠቀም ፈቀደ። ፊልሙ በጃንዋሪ 2024 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ሲታይ ከአሜሪካ ውጪ በተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማትና የምርጥ ዝግጅት ሽልማትን አገኘ፤ በኦክቶበር 2024 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ።

ፊልሙ ያስለቅሳል፤ ሙዚቃው አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ይገፋፋል። ከሙዚቃው ይልቅ የሚነካው መዝገቡ ነው። ውስጡ ያለው እኮ ተራ ነገር ነው፦ ሰላምታ፣ ሾርኔ፣ ዛሬ ምን በላህ፣ ለምን ጠፋሽ። እንዲህ ያለ ወሬ ከቤት ደጃፍ ላይ ሲወራ ነፋስ ይወስደዋል። የእነሱ ግን ተጽፎ ተቀምጧል፣ አንድ አባት ልጁን ዘግይቶ ሊያውቅበት በቃ። የስታርላይት አባላትም በየዓመቱ ተሰብስበው በኢቤሊን መንገድ ይሮጣሉ።

ብሊዛርድ በዚያው በ2024 መጨረሻ ለማትስ መታሰቢያ ሬቨን የሚባል የጌም ውስጥ ቀበሮ ለተጫዋቾች ሸጠ፤ ገቢው ኪዩር ዱሼን ለተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት የሚውል ነበር። ሕመሙን ከሥሩ ለመንካት የሚሞክረው የጂን ሕክምናም መጥቷል። ኤሌቪዲስ ይባላል። አሜሪካ በጁን 2023 መራመድ ለሚችሉ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ፈቀደችው፤ የሚሰጠው አንዴ ብቻ ሲሆን ዋጋው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከዓመት በኋላ ፈቃዱ ሰፍቶ መራመድ ያቆሙትንም አቀፈ። በ2025 ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል መራመድ ያቆሙ ሁለት ወጣቶች በጉበት መድከም ሞቱ፤ በዊልቸር ላሉ ታማሚዎች መስጠቱም ቆመ።