ሪያድ ስንት ሰው ይኖርባታል?

«ልጄ ሪያድ ነው ያለችው» እናት ሲሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ልጅቷ ሳዑዲ የገባች ይመስለዋል። ካርቱምም ሪያድ አላት፤ ከአየር ማረፊያው በስተምሥራቅ የምትገኝ፣ ደህና ገቢ ያላቸው ሰዎች ሰፈር። የሱዳን ጦርነት ሳይነሣ በፊት ብዙ የእኛ ልጆች በየቪላው ተቀጥረው እዚያው ያድሩ ነበር፤ አርብ ሲደርስ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወደ ደይም ወይም ወደ ጅሬፍ ሰፈር፣ ወደ ቡናውና ወደ እንጀራው።

እንግዲህ የሕዝብ ቆጣሪ የቪላውን በር ቢያንኳኳ፣ እዚያ የምታድረው ልጅ የየት ሰው ናት? ሁለት መንገድ አለ። አንዱ «ትናንት ማታ እዚህ ያደረው ማን ነው?» ይላል፤ እንግዳም ሠራተኛም ይገባል። ሌላው «ዘወትር እዚህ የሚኖረው ማን ነው?» ይላል፤ ለመንገድ የወጣው ይቆጠራል፣ ለአንድ ሌሊት ያደረው ይቀራል። በመጀመሪያው፣ ቆጠራው ሐሙስ ማታ ከሆነ ልጅቷ የሪያድ ናት። ደይም ጓደኛዋ ዘንድ ባደረችበት ሌሊት ከሆነ ደግሞ የደይም።

የጠረጴዛችሁን ስኒዎች አትንኩ፤ በመሀላቸው ክር ዘርጉ። ክሩን ትንሽ ሳብ ስታደርጉት፣ አንድም ስኒ ሳይነሣ በዚህ ወገን ያለው ቁጥር ይለወጣል። የከተማ የሕዝብ ቁጥርም እንደዚሁ ነው፤ ሰውን ብቻ ሳይሆን ክሩንም ያሳያል። ክሩን፣ ማለትም ወሰኑን፣ የሚዘረጋው ደግሞ አስተዳደሩ ነው።

ሪያድ በአስተዳደር ዓይን ከተማ አይደለችም፤ ሐይ ናት፣ ሰፈር። ከበላይዋ የካርቱም መሐሊያ አለ፤ በእኛ አነጋገር ክፍለ ከተማ ብንለው ብዙም አንሳሳትም። የካርቱም ግዛት እንዲህ ያሉ ሰባት መሐሊያዎች አሉት፤ ኦምዱርማን፣ ባሕሪ፣ ጀበል አውሊያ ሁሉ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሪያድ የራሷ ከንቲባ የላትም። በሌላ አገር፣ ለምሳሌ ኢራን ውስጥ፣ ግን ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ያላት አንዲት ትንሽ ቦታ፣ የከተማነት ደረጃ ካገኘች ማዘጋጃ ቤትም፣ በቆጠራ መዝገብ ላይ የራሷ መስመርም ይኖራታል። እኛም ጋ በቆጠራ ጊዜ 2,000 ሰው ያለው ቦታ ከተማ ይባላል፤ የወረዳ ዋና ከተማ ከሆነ ግን ቁጥሩ ቢያንስም ያው ከተማ ነው። ማዕረጉ ከሰው ብዛት ብቻ አይመጣም።

ቁጥሩ ለምን ያጣላል ቢሉ፣ በጀትና ሥልጣን ስለሚከተለው ነው። የሱዳን የመጨረሻው ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2008 ተካሄደ፤ ደቡቡ ገና አልተገነጠለም ነበር። ውጤቱ አገሩን 39 ሚሊዮን ገደማ፣ የካርቱምን ግዛት 5.27 ሚሊዮን ገደማ አለ። የደቡብ መሪዎች አልተቀበሉትም፤ በሰሜኑ ያለው የደቡብ ሰው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ብቻ መባሉ በተለይ አናደዳቸው። እኛም አናማቸውም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አማራ ክልል 17.2 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ሲወጣ፣ ከተገመተው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ስለጎደለ ነገሩ ፓርላማ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የታሰበው አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል።

በእኛ አገር የቆጠራውን ሥራ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ መምህራን ናቸው። አገሩ ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ ባላቸው ቁራጮች ይከፈላል፤ አንዱ ቆጣሪ በአንዱ ቁራጭ ይዞራል። ስንት ሰው አለ ብሎ ብቻ አይሄድም፤ ስም በስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ከቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ጋር ያለው ዝምድና። የቤት ሠራተኛዋ የምትረሳው እዚህ ላይ ነው፤ እሜቴ «ልጆቹ ሦስት፣ እኔና ባለቤቴ» ብለው ሲጨርሱ እሷ ወጥ ቤት ናት። ጎበዝ ቆጣሪ «ሌላ የሚያድርስ?» ብሎ ይደግማል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ተከፈተ፤ ሪያድም በተዋጊዎቹ መሀል ገባች፣ ነዋሪዋም ተበተነ። አንዱን ቪላ ገምቱ፤ ባለቤቱ ካይሮ፣ ሠራተኛዋ መተማን ተሻግራ ጎንደር፣ ዘበኛው በሩ ላይ። ትናንት ማታ እዚህ ያደረው ስንት ነው ቢሉ፣ አንድ። ዘወትር የሚኖረውስ ቢሉ፣ ዘበኛው ጣቱን ማጠፍ ይጀምራል።