አለርጂ የመከላከያ ድክመት አይደለም

ብዙ ሰው አለርጂ የሚነሳው የሰውነት በሽታ የመከላከል አቅም ሲዳከም ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የአለርጂ ሕመምተኛ የመከላከል ሥርዓት ኃይል አላነሰውም፤ ችግሩ ያንኑ ኃይሉን ለአብዛኛው ሰው ጉዳት በሌለው ነገር ላይ፣ በአበባ ብናኝ፣ በኦቾሎኒ፣ በዓሣ ወይም በፔኒሲሊን ላይ ማዋሉ ነው። የነርስነት ተማሪ ይህን ከሥሩ ከተረዳ፣ ሕይወትን የሚያሰጋ አለርጂ የገጠመው ሰው ሲመጣ የትኛውን መድኃኒት አስቀድሞ ማንሳት እንዳለበት፣ ያ መድኃኒትስ ከሌሎቹ ለምን እንደሚቀድም ለማወቅ አይቸገርም።

የሰውነት የመከላከል ሥርዓት ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው አብሮ የሚወለድ ሲሆን ቆዳን፣ የአፍንጫንና የአንጀትን ስስ ልባስ፣ እንዲሁም ያገኙትን ባዕድ ነገር የሚውጡ ነጭ የደም ሴሎችን ይጨምራል። ሁለተኛው ከገጠመው ነገር እየተማረ የሚዳብር ነው፤ በዚህ ክፍል ያሉት ቲ እና ቢ የሚባሉት ሴሎች አንድን ባዕድ ነገር ለይተው ያውቃሉ፣ ያወቁትንም ለዓመታት አይረሱም፤ ቢ ሴሎች ደግሞ ከዚያ ነገር ጋር ለይተው የሚጣበቁ፣ ፀረ እንግዳ አካላት የተሰኙ ፕሮቲኖችን ያመርታሉ። ፀረ እንግዳ አካላት አምስት ዓይነት ሲሆኑ ከአምስቱ በደም ውስጥ በመጠን እጅግ አነስተኛ የሆነው ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ፣ በአጭሩ አይጂኢ፣ ነው። ዋነኛ ተፈጥሯዊ ተግባሩ እንደ ወስፋትና መንጠቆ ትል ያሉ ጥገኛ ትሎችን መከላከል እንደሆነ ይታመናል፤ ስለዚህም ትል በሚበዛበት አካባቢ በሚኖር ሰው ደም ውስጥ መጠኑ ከፍ ብሎ ቢገኝ ያ ብቻውን የአለርጂ ማስረጃ አይሆንም። በጅማና በአካባቢዋ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አስም ከከተማው ይልቅ በገጠሩ ነዋሪ ዘንድ እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳይቷል፤ በዚህ ልዩነት ትሎቹ ድርሻ ይኑራቸው አይኑራቸው ግን ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ቆይቷል።

የመከላከል ሥርዓት ባለቤቱን ሊገድል እንደሚችል የታወቀው ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ሲፈልጉ ነበር። ፈረንሳውያኑ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ እ.ኤ.አ. በ1901 በሞናኮው ልዑል በቀዳማዊ አልበርት መርከብ ተሳፍረው የባሕር እንስሳትን መርዝ ማጥናት ጀመሩ፤ በኋላም ውሾችን ከመርዙ ጋር ለማለማመድ ሲሞክሩ የመጀመሪያውን መርፌ በደህና ያለፉ ውሾች ከሳምንታት በኋላ በጥቂት መጠን ብቻ ሲወጉ በደቂቃዎች ውስጥ ሞቱ። ሪሼ ክስተቱን አናፊላክሲስ ብሎ ሰየመው፤ እ.ኤ.አ. በ1913ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። አለርጂ የሚለውን ስም ያወጣው ደግሞ ኦስትሪያዊው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1906። አይጂኢ ራሱ የተገኘው ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው፤ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናውያን ባልና ሚስት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ፣ በስዊድን ደግሞ ዮሃንሰንና ቤኒክ በየፊናቸው ደርሰውበት፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ስሙ በዓለም ጤና ድርጅት ጸደቀ።

ከሪሼ ውሾች የሚወሰደው ቁም ነገር የመጀመሪያው ግንኙነት ምንም ምልክት የማያሳይ መሆኑ ነው። አለርጂ ቀስቃሹ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ቲ ሴሎች ቢ ሴሎችን አይጂኢ እንዲያመርቱ ያዟቸዋል፤ የተመረተው አይጂኢም በቆዳ፣ በመተንፈሻ አካልና በአንጀት ዙሪያ በብዛት የሚገኙት ማስት ሴሎች ላይ ተጣብቆ ለሳምንታት ይቆያል። ያው ነገር ዳግመኛ ሲመጣ ተጠግተው የቆሙ ሁለት አይጂኢዎችን አንድ ላይ ይይዛል፤ በዚያች ቅጽበት ማስት ሴሉ በውስጡ ያከማቸውን ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች ይለቅቃል። በዚህ ምክንያት «ይህን መድኃኒት ከዚህ ቀደም ወስጄ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሕመምተኛ እውነቱን ቢናገርም ቃሉ ለነርስ ዋስትና አይሆንም።

ሁሉም የአለርጂ ዓይነት በዚህ መንገድ አይሄድም። ጌልና ኩምብስ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት አከፋፈል የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያው ሲሆን፣ የማይገጥም ደም ሲሰጥ የሚፈጠረው ጉዳት ከሁለተኛው፣ የሴረም ሕመም ከሦስተኛው፣ የሳንባ ነቀርሳ የቆዳ ምርመራ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን በኋላ የሚያሳየው እብጠት ከአራተኛው ይመደባል። በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድለው ግን በዋነኛነት የመጀመሪያው ነው።

የተለቀቁት ኬሚካሎች ደም ሥሮችን ያሰፋሉ፣ ግድግዳቸውንም ያሳሳሉ፤ በአናፊላክሲስ ጊዜ በደም ሥር ውስጥ ካለው ፈሳሽ እስከ 35 በመቶ የሚሆነው በ10 ደቂቃ ውስጥ ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። የደም ግፊት የሚወድቀው፣ የልብ ምት የሚፈጥነው ለዚህ ነው። በዚያው ጊዜ የሳንባ ቧንቧዎች ይጠባሉ፣ ከንፈር፣ ምላስና ማንቁርት ያብጣሉ፣ ቆዳ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል። የቆዳ ምልክት በአብዛኞቹ ሕመምተኞች ቢታይም በጥቂቶቹ ጨርሶ ላይታይ ስለሚችል ሽፍታ እስኪወጣ መጠበቅ አደገኛ ነው።

መልሱ አድሬናሊን ነው። አድሬናሊን የሰፉትን ደም ሥሮች ያጠብባል፣ እብጠቱን ይቀንሳል፣ የልብን ጉልበት ይጨምራል፣ የሳንባ ቧንቧዎችን ይከፍታል፣ ከዚያም አልፎ ማስት ሴሎች ተጨማሪ ኬሚካል እንዳይለቅቁ ይገታል። ፀረ ሂስታሚን መድኃኒት የሚያግደው ከብዙዎቹ ኬሚካሎች አንዱን ብቻ ስለሆነ ማሳከክን ያስታግሳል እንጂ የታፈነ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወደቀ ግፊትም አያነሳም፤ ሃይድሮኮርቲዞን ደግሞ ሥራውን ለመጀመር ሰዓታት ይፈልጋል። እነዚህን አስቀድሞ እየሰጡ አድሬናሊንን ማዘግየት ሊተርፍ የሚችለውን ሰው ማሳጣት ነው። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 0.01 ሚሊ ግራም ሲሆን ለአዋቂ ከ0.5 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ የሚወጋው በጭን መካከለኛ ክፍል በውጪ በኩል ጡንቻ ውስጥ ነው፣ ለውጥ ካልታየም ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ሕመምተኛው እግሩ ከፍ ብሎ በጀርባው ይተኛል፤ መተንፈስ ካቃተው ይቀመጣል፤ በድንገት እንዲቆም ወይም እንዲራመድ ማድረግ ግን ልቡን ሊያቆም ይችላል። ከተሻለውም በኋላ ሕመሙ ከሰዓታት ቆይታ በኋላ ሊመለስ ስለሚችል በክትትል ሥር መቆየት ይኖርበታል።

ለኢትዮጵያ ነርሶች ጉዳዩ ከቤንዛቲን ፔኒሲሊን ጋር በቅርብ ይያያዛል። የቁርጥማት የልብ በሽታ ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች ይህን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት ያስፈልጋቸዋል፤ ሳይወጉ የቀሩ እንደሆነ የልባቸው መዝጊያ (ቫልቭ) ይበልጥ እየተጎዳ ይሄዳል። እውነተኛ አናፊላክሲስ በዚህ መርፌ የሚከሰተው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ መርፌ ፈርቶ ራሱን የሳተ ሰው ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። በፍርሃት የሳተው ፊቱ ይገረጣል፣ የልብ ምቱ ይዘገያል፣ ሲያስተኙትም ቶሎ ይነቃል፤ በአናፊላክሲስ የወደቀው ግን የልብ ምቱ ፈጣንና ደካማ ሲሆን ብዙ ጊዜም ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ይታይበታል።

በመዝገብ ላይ በግዴለሽነት የሚጻፍ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» የሚል ቃልም ጉዳት አለው። በአሜሪካ ከሕመምተኞች ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት ለፔኒሲሊን አለርጂ አለብን ቢሉም፣ ከእነዚህ መካከል ተመርምረው መድኃኒቱን ያለ ችግር መውሰድ የሚችሉት ከ90 በመቶ በላይ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነርስ «አለርጂ አለበት» ብሎ ከመጻፉ በፊት የመድኃኒቱን ስም፣ የታየውን ምልክት፣ ምልክቱም ከተወሰደ በስንት ደቂቃ ወይም ቀን እንደጀመረ ይጠይቅ፣ የሰማውንም በካርዱ ላይ ያስፍር፤ አድሬናሊኑና ሲሪንጁም መርፌ በሚሰጥበት ክፍል፣ ቁልፍ በሌለበት ቦታ፣ ከመጀመሪያው ሕመምተኛ በፊት ተዘጋጅተው ይቀመጡ።