አባቱ የማይታወቅ ዜማ

ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ጉራጌ አገር አታት ላይ ከመኪና ወርዶ ሻንጣውን እንኳ ሳያሳርፍ ጭብጨባ ይቀበለዋል። አውራጁ አንድ ሐረግ ይጥላል፣ ተቀባዩ ያነሣዋል፣ ከበሮው ይከተላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ሥራ ነው። ይህን ዜማ ማን እንዳወጣው አንድ አባት ብጠይቃቸው፣ «ስንወለድ ነበረ» ብለው ወደ ጭፈራው ዞሩ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጆን ፕሌይፎርድ በ1651 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የእንግሊዝ የገጠር ጭፈራዎችን ከነአካሄዳቸው ሲያሳትም፣ ለቫዮሊን የሚሆኑ ከመቶ በላይ ዜማዎች አብረው ወጡ። የደራሲዎቹ ስም ግን አልነበረበትም።

በእኛ አገር የቫዮሊንን ቦታ የያዘው ማሲንቆ ነው። ገበታው በማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን ነው፤ ቆዳ ተወጥሮበታል። ክሩም ሆነ የደጋኑ ጸጉር የፈረስ ጭራ ነው፤ እጣን ካልነካው እየተንሸራተተ ድምፅ ይነፍጋል። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ክሩን እንጨት ላይ ይጫነዋል። አዝማሪው ግን ከክሩ ሥር ጣቱን የሚያሳርፍበት ነገር የለውም፤ አየር ላይ እንደተወጠረ ከጎን ይነካዋል። ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚሟሟው ለዚህ ነው። ክፍቱ ክርና አራቱ ጣቶች ሲደመሩ አምስት ድምፅ ይሰጣሉ፤ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም ከአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። እጅ ዜማን ቀረጸ ወይስ ዜማ እጅን፣ እኔ ዳኛ አልሆንም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የሚጠሩት በወሎ ቦታዎች ስም ነው፤ ሰው ያልተገኘለት ዜማ ለአገር ተሰጠ ማለት ነው።

የሰው ስም በደንብ የገባው ከሸክላ ጋር ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው በማሲንቆ ሲቀረጹ፣ ዜማው ከነዘፋኙ ስም ተቀመጠ። መርካቶ የተወለደው ማሕሙድ አሕመድም የጉራጊኛውን ጭፈራ በዘመናዊ ባንድ አጅቦ ከአገር አልፎ አሰማው። ዛሬ ልጆቻችን ዜማውን በዘፋኙ ይጠሩታል፤ ሽማግሌዎቹ ይህ ብዙም አይዋጥላቸውም።

አንድ ሠርግ ላይ ከከተማ የመጣ አዝማሪ አየሁ። በትዝታ ጀመረ፣ ሰው ጸጥ ብሎ አዳመጠው። ከዚያ ልጃገረዶቹ ጭፈራውን አወረዱ፤ እግሩ ፈጠነ፣ ጭብጨባው ደጋኑን ቀደመው። አዝማሪው ጥቂት ከታገለ በኋላ ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና አብሯቸው ማጨብጨብ ያዘ።