ያከሰረ አክሲዮን፤ ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

ቁስቋም ማርያም አካባቢ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ በ2014 ዓ.ም. ከአንድ አዲስ ባንክ የ100 ሺህ ብር አክሲዮን ገዛ እንበል። እስካሁን የትርፍ ድርሻ አልደረሰውም። ሽጥ ቢሉት «ዋናዬን ሳላገኝ አልሸጥም» ማለቱ አይቀርም።

ዋናው ግን እንደነበረ አልቆየም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር አልፏል። ኪሳራው ሳይሸጥም ደርሶበታል።

ይልቅ ራሱን መጠየቅ ያለበት፣ ዛሬ 100 ሺህ ብር በእጁ ቢኖር ይህንኑ አክሲዮን ይገዛው እንደነበር ነው። አዲስ ባንክ ቅርንጫፍ በሚከፍትባቸው ዓመታት ትርፍ ማጣቱ ብቻውን አያስሸሽም። የተበላሸው ብድር ከዓመት ዓመት እየጨመረ፣ ብሔራዊ ባንክ ያዘዘውን 5 ቢሊዮን ብር ካፒታል ለመሙላት ደግሞ «አክሲዮን ጨምሩ» የሚል ጥሪ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቀድሞ ሻጭ ገዢ የሚያገኘው በዘመድና በደላላ ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ለነጋዴው አክሲዮን 80 ሺህ ብር የሚሰጥ ቢገኝ፣ በብሩ ቆርቆሮ አውርዶ የሚያዞር ከሆነ 20 ሺሁ ብዙም አያስቆጭም። ብሩን ቤት ሊያስቀምጠው ከሆነ ግን ባይሸጥ ይሻለዋል።