የጀልባ ሞተር አልነሳ ሲል፦ ከባትሪ እስከ ካንዴላ ደረጃ በደረጃ መፈተሽ

መግቢያ

በጣና ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባ ለምትሠሩ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ሞተር ወደብ ላይ አልነሳ ቢል የሚባክነው ግማሽ ቀን ነው። መሐል ሐይቅ ላይ ሲሆን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ማዕበሉ ሲበረታ ሞተሩ የቆመ ጀልባ ወደፈለገው አቅጣጫ መሄድ አይችልም። ዓሣው ይበላሻል፤ ከሁሉም በላይ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ለክትትል ስንወጣ ደጋግመን የምናየው ችግር አለ። ሞተሩ ይፈታል፣ ገንዘብ ይወጣበታል፣ በመጨረሻ ጥፋቱ አንድ የላላ የባትሪ ሞርሰቶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ድምፁን አዳምጡ፤ ከቀላሉ ጀምራችሁም በቅደም ተከተል ፈትሹ።

በቅድሚያ የሚታዩ ሦስት ነገሮች

1. የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ገመድ (ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው) በቦታው መሰካቱን እዩ። ከወለቀ ሞተሩ አይነሳም።
2. ማርሹ ፍሪ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ እያሉ በቁልፍ አይነሱም።
3. ቤንዚን መኖሩን፣ የነዳጅ ቱቦው በደንብ መግባቱን፣ በጋኑ ክዳን ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ መከፈቱን እዩ። ከዚያም በቱቦው ላይ ያለውን ኳስ ጠንከር እስኪል ጭመቁ።

ሀ. ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ ጨርሶ የማይዞር ወይም "ጠቅ" ብቻ የሚል ከሆነ

ችግሩ በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ነው።

• ሞርሰቶዎቹን በእጅ አነቃንቁ። የሚንቀሳቀስ ከሆነ አጥብቁ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ፣ በመጀመሪያ የኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን ፍቱ። በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ አድርቁ፣ ስትመልሱ ፖዘቲቩን አስቀድሙ። ካጠበቃችሁ በኋላ ግራሶ ቀቡ።
• ለማስነሳት ከሞከራችሁ በኋላ ሞርሰቶው ከጋለ፣ ያ ቦታ በደንብ አልተገናኘም ማለት ነው።
• ባትሪውን በቴስተር ለኩ። በደንብ የተሞላና ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከ12 በታች ከሆነ ቻርጅ ያስፈልገዋል። ቆሞ ጥሩ እያሳየ፣ ቁልፍ ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ደክሟል።
• ፊውዙን እዩ። የተቃጠለውን በተመሳሳይ አምፔር ብቻ ተኩ። በሽቦ መቀጠል ጀልባውን ለእሳት ያጋልጣል።
• ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም "ጠቅ" ብቻ ካለ፣ ሞተሪኖው ወይም መስመሩ በባለሙያ ይታይ።

ለ. ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ

ባትሪውን ተዉት፤ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚፈለገው ነዳጅና ብልጭታ ነው። ካንዴላውን ፍቱና ተመልከቱ።

• ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። ቱቦውንና ፊልትሮውን ፈትሹ።
• በቤንዚን ከራሰ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም ብልጭታ የለም። አድርቃችሁ መልሱት፣ ቾክ ሳትጠቀሙ እንደገና ሞክሩ።
• ጥቁር ጥላሸት ከያዘ አጽዱት ወይም ለሞተሩ በተፈቀደው ዓይነት ቀይሩት።

ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ለማወቅ ከጋኑ ሥር ጥቂት በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡ። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል።

ሐ. ተነስቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ

በመጀመሪያ የጋኑን አየር ማስገቢያ እዩ። ከተዘጋ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ቀጥሎ ቱቦው መታጠፍ አለመታጠፉንና ፊልትሮው መቆሸሽ አለመቆሸሹን ተመልከቱ።

መሐል ሐይቅ ላይ ባትሪ ቢያልቅ

ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ትንንሽ የጀልባ ሞተሮች ብልጭታቸውን የሚያገኙት ከባትሪ ሳይሆን ሞተሩ ሲዞር ከማግኔቱ ነው። ስለዚህ የእጅ ማስነሻ ገመድ ያለው ሞተር ባትሪው ቢሞትም ተስቦ ሊነሳ ይችላል። ገመዱን ከመሳባችሁ በፊት ማርሹ ፍሪ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከኋላችሁም ሰው እንዳይቆም አድርጉ።

ማሳሰቢያ

• ቁልፉን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዙ። ሞተሪኖው እንዲቀዘቅዝ ጥቂት አሳርፉት።
• ሞተሩ እየሠራ ባትሪ አትንቀሉ፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭም አታቀያይሩ። የቻርጅ ክፍሉ ይቃጠላል።
• ባትሪና ቤንዚን አጠገብ ሲጋራ አታጭሱ፣ እሳት አትለኩሱ።
• ባትሪው ውሃ የሚሞላ ዓይነት ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ እንጂ የሐይቅ ውሃ አትጨምሩ።

ማጠቃለያ

ከወደብ ከመልቀቃችሁ በፊት ሞርሰቶውን መነካካት፣ የጋኑን አየር ማስገቢያ ማየትና ሞተሩን ጥቂት አሠርቶ ማዳመጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ትርፍ ካንዴላ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ፊውዝና የእጅ ማስነሻ ገመድ ውሃ በማያስገባ ዕቃ ይዛችሁ ውጡ። መቅዘፊያና ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ከጀልባው አይለዩ፤ ሞተሩ አልነሳ ባለ ቀን ወደ ቤታችሁ የሚመልሷችሁ እነሱ ናቸውና።